የፓምፕ .22 ጠመንጃ በተገቢ ዋጋ መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩና በሕጋዊ መንገድ ለኢላማ ወይም ለትንንሽ አደን መግዛት ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፓምፕ ሪምፋየር ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው?

በርሜሉ ሥር ያለውን የእንጨት መያዣ ወደ ኋላ ሲስቡት ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል። ወደ ፊት ሲመልሱት አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ በተርታ ይተኛሉ። አሠራሩ ይኸው ነው።

ሪምፋየር ደግሞ የጥይቱ ዓይነት ነው። ማቀጣጠያው ያለው በቀለሁ ግርጌ መሐል ላይ ሳይሆን ዙሪያውን በዞረው ጠርዝ ውስጥ ነው። መርፌው ጠርዙን ሲመታ ይተኩሳል። ከሁሉም የታወቀው .22 ሎንግ ራይፍል ሲሆን ከ1887 ጀምሮ አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ትከሻ አይመታም፤ ጥይቱም ከሌላው ሁሉ ርካሽ ነው። ትንሽ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ጥይቱ ከአንድ ማይል በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በቅርብ ርቀት ሰው ይገድላል።

ከሌላው .22 ይልቅ ፓምፕ መግዛት ያዋጣል?

ዋጋ ብቻ ከታየ አያዋጣም። በራሱ የሚያጎርሰው ሩገር 10/22ም ሆነ መዝጊያው በእጅ የሚከፈተው ተራ ባለ ቦልት .22 ብዙ ጊዜ በአነሰ ዋጋ ይገኛሉ፤ መለዋወጫቸውም በየቦታው ሞልቷል። የመጀመሪያና ብቸኛ ጠመንጃዎ የሚሆን ከሆነ፣ ገንዘቡም ከጠበበ፣ ፓምፑን ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩት ይሻላል።

ፓምፕ የሚወደድበት ምክንያት ሌላ ነው። የሚያጎርሰው የእጅዎ ጉልበት ስለሆነ ለጥይቱ ኃይል አይጨነቅም። ብዙዎቹ ሾርት፣ ሎንግና ሎንግ ራይፍል የሚባሉትን የተለያየ ርዝመት ያላቸው የ.22 ጥይቶች አቀላቅለው ይተኩሳሉ። ለጀማሪም ጥሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥይት መሐል እጅ መንቀሳቀስ ስላለበት ሰው ረጋ ብሎ ያልማል። በዚያ ላይ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የባዛርና የመዝናኛ ሥፍራ የኢላማ ድንኳኖች ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሕዝቡ በሳንቲም ይተኩስ የነበረው በነዚህ ነው። ዛሬም ጋለሪ ጠመንጃ የሚባሉት ለዚህ ነው።

በአዲስነቱ የሚገኘው የትኛው ነው? ስንትስ ነው?

ምርጫው ጠባብ ነው። በቀላሉ የሚገኙት ሁለት ናቸው። የብራዚሉ ሮሲ ጋለሪ የሚባለውን ይሸጣል፤ የአሮጌው ዊንቸስተር መልክ አለው፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ400 ዶላር ብዙም አይርቅም። የአሜሪካው ሄንሪ ደግሞ ባለ ስምንት ማዕዘን በርሜል ፓምፕ ይሠራል። እንጨቱ ዋልነት ነው፤ አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ዋጋው ከ500 ዶላር በላይ ይጀምራል። ሄንሪ ኃይለኛውን የ.22 ማግነም ጥይት የሚተኩስም አለው።

የኔ ምክር ቀጥተኛ ነው። አሮጌ ጠመንጃ መመርመር የማይወዱ ከሆነ ከሁለቱ አንዱን አዲስ ይግዙ። በ450 ዶላር የተበላሸ አሮጌ ከመግዛት በዚያው ዋጋ ዋስትና ያለው አዲስ መግዛት ይሻላል።

አሮጌዎቹስ? የትኞቹን ስም ልወቅ?

ዋናው የዊንቸስተር ዘር ነው። ሞዴል 1890ን የነደፉት ጆን ብራውኒንግና ወንድሙ ማቲው ናቸው። ከ1890 እስከ 1932 ድረስ ከ800 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ባለ ስምንት ማዕዘን በርሜል ያለው ከባድ ጠመንጃ ነው። ሞዴል 1906 በዚያው አሠራር ላይ ክብ በርሜል ተገጥሞለት በርከስ ብሎ እንዲሸጥ የወጣ ነው፤ እሱም ከ800 ሺህ በላይ ወጥቷል። በ1932 ሁለቱም በሞዴል 62 ተተኩ፤ ከዚያ 62ኤ የሚባለው እስከ 1958 ቀጠለ። በዚያው በ1932 ሞዴል 61 መጣ። የሱ መዶሻ ውጭ አይታይም፣ ውስጥ ተደብቋል። እስከ 1963 ተሠራ። ከሁሉም ውድ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሬሚንግተንም የራሱ አለው። ሞዴል 12ን የነደፈው ጆን ፔደርሰን ሲሆን ከ1909 እስከ 1936 ተሸጧል። ሞዴል 121 እስከ 1954 ተከተለው። ከዚያ በ1955 የወጣው 572 ፊልድማስተር ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቶ ኩባንያው በ2020 ሲከስር ቆመ። ለመተኮስ ብቻ አሮጌ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠቁመው 572ን ነው። ብዛት አለው፣ ጠንካራ ነው፣ ከዊንቸስተር 61 ያነሰ ያስከፍላል። እንደ ሰብሳቢ ዕቃ ስለማይታይ ዋጋውን ስሙ አያንረውም።

ሮሲ ቀደም ሲል የሠራው ሞዴል 62ም አለ። የዊንቸስተር 62 ቅጂ ነው። ታውረስም በኋላ ተመሳሳይ ሠርቷል። ከዋናው ዊንቸስተር በብዙ ስለሚያንስ በፓውን ሾፕ መደርደሪያ ላይ ካጋጠመ መታየት ያለበት ነው።

ተገቢ ዋጋ መሆኑን በምን ላውቅ?

ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋና ዕቃው የሚሸጥበት ዋጋ አንድ አይደሉም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኦንላይን ላይ አንድ ሰው ዊንቸስተር 1906ን 1,200 ዶላር ጽፎበት ለስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ያ ዋጋ ሳይሆን የሰውየው ምኞት ነው። መታየት ያለበት ገንዘብ የተከፈለበት ነው። እንደ ጋንብሮከር ባሉ የጨረታ ድረ ገጾች ላይ የተጠናቀቁ ጨረታዎችን ለይቶ ማየት ይቻላል። ያው ሞዴል፣ ያው የጥይት ዓይነት፣ ተቀራራቢ ይዞታ ያላቸውን አሥር ያህል ይሰብስቡ። ከሁሉ በላይ የተሸጠውንና ከሁሉ በታች የተሸጠውን ይተዉ። የቀሩት መሐል ላይ ያለው ነው ተገቢው።

ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ፦ ልተኩስበት ነው ወይስ ላስቀምጠው? ሰብሳቢ የሚከፍለው ለፋብሪካው የመጀመሪያ ቀለም፣ ላልተነካ ብሎን፣ ላልተቀየረ እንጨት ነው። ተኳሽ የሚከፍለው ለደህና በርሜልና ለማይነክስ አሠራር ነው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ የለቀቀ፣ ሰደፉ የተቧጨረ፣ ውስጡ ግን እንደ መስታወት የሚያበራ ዊንቸስተር 62ኤ ለተኳሽ ወርቅ ነው፤ ለሰብሳቢ ግን ተራ ነው። ዋጋውም ያንኑ መምሰል አለበት። የሰብሳቢ ዋጋ ከፍለው የተኳሽ ጠመንጃ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ማየት ያሳዝነኛል፤ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ነው።

ኦንላይን ርካሽ ነው ወይስ ከመደብር ልግዛ?

ሁሉንም ደምረው ያነጻጽሩ። ምሳሌ ልስጥ። ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የሚኖሩት እንበል። ኦንላይን 450 ዶላር የሚል 572 አዩ። መላኪያ 40 ዶላር። የሚቀበልልዎት ፈቃድ ያለው ሻጭ ለርክክቡ 35 ዶላር ይጠይቃል። ካርድ ሲጠቀሙ 3 በመቶ፣ ማለትም 13 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ፣ 27 ዶላር። ድምሩ 565 ዶላር ከ50 ሆነ። ሠፈርዎ ያለው መደብር ያንኑ በ520 ቢሸጥ ከነታክሱ 551 ዶላር ከ20 ነው። ርካሹ መደብሩ ነው። በዚያ ላይ በእጅዎ ይዘው፣ በርሜሉን አይተው ነው የሚገዙት።

ቨርጂኒያ ሻንቲሊ በሚገኘው ዳለስ ኤክስፖ ሴንተር የሚካሄደው ጋን ሾው ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። አሌክሳንድሪያም ሆነ ስፕሪንግፊልድ ለሚኖር የሐበሻ ልጅ ሩቅ አይደለም። ብዙ አሮጌ .22 በአንድ አዳራሽ ይታያል። ለመግዛት ባይሆንም እጅ ለማሟሸት አንዴ መሄድ ይጠቅማል። ፓውን ሾፕም አይረሳ። እዚያ የሚሠሩት ሁሉንም ሞዴል ስለማያውቁ ዋጋው አንዳንዴ በጣም ይወጣል፣ አንዳንዴም በጣም ይወርዳል።

ጠመንጃውን በእጄ ስይዝ ምን ልመርምር?

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን። ሻጩ ባዶ ነው ቢልም እርስዎ ራስዎ ከፍተው፣ ውስጡንም ቱቦውንም ይዩ። የቱቦ ጠመንጃ አንድ ጥይት ደብቆ ሊያስቀር ይችላል። አፈሙዙን ወደ ሰው አያዙሩ።

ቀጥሎ በርሜሉ። ትንሽ ባትሪ ይያዙ። መዝጊያውን ከፍተው ከኋላ በኩል ብርሃን ይስጡት፣ በአፈሙዙ በኩል ይመልከቱ። ጠምዛዛ መስመሮቹ ጥርት ብለው መዞር አለባቸው። ጨለማ ነጠብጣብ ከበዛበት ዝገት በልቶታል ማለት ነው። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ የነበረው ጥይት ማቀጣጠያው ዝገት ያመጣ ስለነበር ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ጥላ ከታየ ደግሞ በርሜሉ አብጧል፤ ጥይት ውስጡ ቀርቶ ሌላ ተተኩሶበታል። ያንን ይተዉት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። ጥይቱ የሚያርፍበትን ቀዳዳ ጠርዝ፣ በተለይ መርፌው የሚመታበትን ቦታ ይዩ። ሪምፋየር ባዶውን ደጋግሞ ሲተኮስ መርፌው ቀለህ ስለማያገኝ ብረቱን ይቀጠቅጠዋል። ትንሽ ጥርስ ይወጣል። በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጠርዙን ቢዳስሱት ያደናቅፍዎታል። ጥይት ሲገባ ይቧጥጣል፣ ቀለህ ሲወጣ ይነክሳል። ጠመንጃ ሠሪ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የማስተካከያው ዋጋ ግን ሻጩ ከጠየቀው ላይ መቀነስ አለበት።

ከዚያ ቱቦው። የውስጡን ቀጭን ቱቦ እስከ መጨረሻው መዘው ይመልሱት። በአንድ ጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። ከውጭ ትንሽ የተረገጠ ቦታ እንኳ ጥይት ያስቆማል። የውስጡ ቱቦ ጠፍቶ የሚሸጥም አለ፤ ለአሮጌ ሞዴል ምትኩን ማግኘት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ለሁለት የሚፈታ ከሆነ ፊቱንና ኋላውን ይዘው ትንሽ ጠምዘዝ ያድርጉት። የዊንቸስተር 1890፣ 1906ና 62 በግራ ጎናቸው ባለ ብሎን ይፈታሉ። ብሎኑ ጠብቆ እያለ መሐሉ ቢወዛወዝ ብዙ የተፈታና የተገጠመ ጠመንጃ ነው። ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ካለዎት አጉርሰው ልሞክር ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሻጭ ይፈቅዳል። እውነተኛ ጥይት ይዞ መግባት ግን ነውር ነው፣ የተከለከለም ነው።

የትኛውን .22 ጥይት እንደሚበላ በምን ላውቅ?

በርሜሉ ላይ የታተመውን ያንብቡ። የሚያምኑት እሱን ብቻ ይሁን። ዊንቸስተር 1890 የሚወጣው ለአንድ ዓይነት ጥይት ተለይቶ ነው፤ ለሾርት ወይም ለሎንግ ወይም ለሎንግ ራይፍል ወይም ለደብሊው አር ኤፍ። አይለዋወጡም። የሾርት ጠመንጃ ላይ ሎንግ ራይፍል አይሆንም። የኋላዎቹ 1906 ግን ሦስቱን ያቀላቅላሉ።

ደብሊው አር ኤፍ የሚል ካዩ ቆም ይበሉ። ያ የድሮ ጥይት ነው፤ ዛሬ የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው፤ ውድም ነው። ሬሚንግተን ያንኑ ስፔሻል ብሎ ይጠራው ነበር። በ1959 የወጣው .22 ማግነም ይመስላል እንጂ አይደለም። ማግነም ረዥምም ኃይለኛም ነው፤ በደብሊው አር ኤፍ ጠመንጃ መተኮስ አደጋ ነው። የሚተኩሱበት ጥይት በየሱቁ የማይገኝ ከሆነ ጠመንጃው በ100 ዶላር ቢረክስም አልረከሰም።

ከመቶ ዓመት በላይ ያለው ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ ፈጣን የሚባለውን ጥይት ትተው መደበኛ ፍጥነት ያለውን ይጠቀሙ። ኢላማውን ይመታል፣ አሮጌውን ብረትም አያስጨንቅም።

ዋጋ መከራከር ይቻላል?

ያገለገለ ዕቃ ላይ አዎ። አዲስ ላይ እምብዛም። የሚሠራው ጮክ ያለ ክርክር አይደለም። ያገኙትን ጉድለት አንድ በአንድ ያሳዩና "ሁሉም ተጨምሮ በ400 ብንጨርስስ?" ይበሉ። ጥሬ ገንዘብ መያዝዎ ይረዳል፤ ለሻጩ የካርድ ክፍያው ይተርፈዋል። ጋን ሾው የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻጮች ዕቃቸውን ጭነው መመለስ ስለማይወዱ ይለሳለሳሉ። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ ነው። .22 ፓምፕ በመቶ ሺዎች ተሠርቷል፤ ሌላ ይመጣል።

ቀለሙ አዲስ የመሰለ የመቶ ዓመት ዊንቸስተር አየሁ። ልግዛ?

የታደሰ ሊሆን ይችላል። የታደሰ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ እንደ ያልተነካ ተቆጥሮ መሸጡ ነው መጥፎው። ፊደሎቹን ይዩ። ሲታደስ ብረቱ ስለሚፋቅ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ጠርዞች ይከብባሉ፣ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያው እንደ ትንሽ ሳህን ይጎደጉዳል። ባለ ስምንት ማዕዘን በርሜል ላይ ማዕዘኖቹ ስለታቸውን አጥተው ከሆነ ተፍቋል። ለመነጽር ተብሎ ከላይ የተቦረቦረ ቀዳዳም የሰብሳቢ ዋጋውን በጣም ይጥለዋል።

ለተኳሽ ይህ ሁሉ ዕድል ነው። ሰብሳቢው የሸሸው ጠመንጃ ለርስዎ ይረክሳል። በሬሚንግተን ላይ ዕድሜውንም ማጣራት ይቻላል፤ ከ1921 ወዲህ በተሠሩት በርሜል ላይ በግራ በኩል ትንንሽ የላቲን ፊደላት ታትመዋል። የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው ዓመቱን ይናገራል።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መግዛት እችላለሁ?

በፌዴራል ሕግ ይችላሉ። የፎቶ መታወቂያዎ ላይ ያለው አድራሻ ግን አሁን የሚኖሩበት መሆን አለበት። ብዙ ሐበሻ የሚያደናቅፈው ይህ ነው፤ ቤት ቀይሮ መንጃ ፈቃዱን ሳያድስ ይሄዳል። ሻጩ የፌዴራሉን የጠመንጃ መግዣ ቅጽ፣ ቅጽ 4473ን ያስሞላዎታል፣ ከዚያ የጀርባ ምርመራ ይደረጋል። ለጠመንጃ በፌዴራል ደረጃ ዕድሜ 18 ነው፤ አንዳንድ ስቴት 21 ይላል። በተማሪ፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ አይፈቀድለትም። የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ በራስዎ ግምት አይግቡበት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ።

ቅጹ ላይ ስለ ሕገወጥ ዕፅ የሚጠይቅ መስመር አለ። ማሪዋና በስቴትዎ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም። ጫትም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ከተከለከሉት ውስጥ ነው። የሚቅም ሰው "አይ" ብሎ ቢሞላ የሐሰት ቃል ሰጠ ማለት ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው የጠመንጃ ወንጀል ከእስር አልፎ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። እባክዎ ይህንን ቀለል አድርገው አይዩት።

አሥራ አምስት ጥይት የሚይዝ ቱቦ አለው። ከአሥር በላይ በሚከለከልበት ስቴት ያስጠይቃል?

ብዙ ቦታ አያስጠይቅም። ጠመንጃው ላይ የተገጠመና .22 ሪምፋየር ብቻ የሚይዝ ቱቦ ከገደቡ ውጭ የተደረገባቸው ሕጎች ብዙ ናቸው። ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኒው ጀርሲና ካሊፎርኒያ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ዲሲ ውስጥ ግን ማንኛውም ጠመንጃ በፖሊስ መመዝገብ አለበት። ምዝገባውን ሳይጨርሱ ወደ ቤት ማስገባት አይቻልም።

ምላጩን ይዤ ካጎረስኩ በራሱ ይተኩሳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

የዊንቸስተር 1890፣ 1906ና 62 ላይ እውነት ነው። የዛሬ ጠመንጃዎች ያላቸው፣ ምላጩ እንደገና ካልተሳበ እንዳይተኩስ የሚያደርግ ማለያያ የላቸውም። ምላጩ ተይዞ ፓምፑ ወደ ፊት ሲዘጋ መዶሻው ይወርዳል። የሮሲ 62ም የዚሁ አሠራር ቅጂ ነው። ጉድለት ስላልሆነ ዋጋ አያስቀንስም። ልጅ ወይም ጀማሪ የሚያስተምሩበት ከሆነ ግን ሄንሪን ወይም 572ን እመርጣለሁ። ጣት ከምላጩ ውጭ የማቆየት ልማድ ገና ያልገባው ሰው እጅ ላይ ያ አሮጌ አሠራር አይሰጥም።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ መቆለፊያውን ከጠመንጃው ጋር በአንድ ቀን ይግዙ። ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ።

በጣም ረክሶ ያየሁት ዊንቸስተር 61 አለ። ሻጩ በዜል ክፈል፣ ቤትህ ድረስ እልካለሁ ይላል።

ማጭበርበር ነው፤ አይክፈሉ። ከሌላ ስቴት በኦንላይን የሚገዛ ጠመንጃ የሚላከው ፈቃድ ላለው ሻጭ ነው። እርስዎ ከዚያ ሄደው ቅጹን ሞልተው ይረከባሉ። ቤትህ እልካለሁ የሚል ሰው ወይ ሕግ አያውቅም ወይ ጠመንጃ የለውም። ዜልና ጊፍት ካርድ ከሄዱ አይመለሱም። የዛሬውን ቀን በወረቀት ጽፎ ከጠመንጃው ጎን አስቀምጦ ፎቶ እንዲልክ ይጠይቁት። እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ።

ተራ ቁጥር የሌለው .22 አገኘሁ። ችግር አለው?

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ከ1968 በፊት .22 ጠመንጃ ላይ ተራ ቁጥር ማተም ግዴታ አልነበረም፤ ስለዚህ ቁጥር ሳይኖራቸው ከፋብሪካ የወጡ አሉ። እነሱ ሕጋዊ ናቸው። ሌላው ግን ቁጥሩ ተፍቆ የጠፋ ነው። ያንን መያዝ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። የተሞረደ፣ የተቀጠቀጠ፣ ከዙሪያው የተለየ ቀለም ያለው ቦታ ካዩ አይንኩት። ሞዴሉ ከፋብሪካ ቁጥር ይዞ የሚወጣ መሆኑንም ያጣሩ።

ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ዊንቸስተር 1890 በፌዴራል ሕግ ጥንታዊ ዕቃ ነው፤ ያ በተራ ቁጥሩ ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ 15 ሺህ ገደማ ለሁለት የማይፈቱ ስለነበሩ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። የስቴት ሕግ ግን የተለየ ሊሆን ስለሚችል ጥንታዊ ነው ብለው ብቻ አይተማመኑ።

ከግለሰብ ብገዛስ?

በአንድ ስቴት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች መሸጣቸውን የፌዴራል ሕግ አይከለክልም። ብዙ ስቴት ግን የጀርባ ምርመራ ግድ ይላል። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ፣ ሜሪላንድ ለረዥም ጠመንጃ ከ2021 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስቴት የሚያቋርጥ ከሆነ ፈቃድ ያለው ሻጭ በመሐል ካልገባ አይሆንም። ሁለታችሁም አንድ መደብር ሄዳችሁ ክፍያውን ብትካፈሉ ነገሩ በአንድ ጉብኝት ያልቃል።

ወንድሜ ወረቀቱ አልተስተካከለም። በኔ ስም ገዝቼለት እሱ ቢከፍልስ?

አይሆንም። "ስሙ የኔ ይሁን፣ ገንዘቡ የሱ" ማለት በእኛ ዘንድ መተጋገዝ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ከባድ ወንጀል ነው። ቅጽ 4473 እውነተኛው ገዢ እርስዎ መሆንዎን ያስፈርምዎታል። በ2022 የወጣው ሕግ ለሌላ ሰው ተክቶ መግዛትን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር አድርጎታል። በራስዎ ገንዘብ ገዝተው፣ መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው በስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ ያ በፌዴራል ይፈቀዳል። መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው ግን ስጦታም አይሆንም።

ለአባቴ አገር ቤት ይዤለት ልሄድ እችላለሁ?

አይችሉም። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በብዙ ገጠራችን ጠመንጃ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ልጅ ለአባቱ ቢሰጥ ክብር ነው። ከአሜሪካ በኩል ግን ጠመንጃን ከአገር ማስወጣት በኤክስፖርት ሕግ የሚገዛ ነው፤ እንደ ሻንጣ ዕቃ ተይዞ አይሄድም። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው። ፈትተው በሁለት ሻንጣ ቢከፍሉትም ያው ነው፤ ዋናው አካል ብቻውን እንደ ጠመንጃ ይቆጠራል። የሚያዙት እርስዎ ብቻ አይሆኑም፤ የተቀበለው አባትዎም ይጠየቃሉ።